መዝገብና ግምት፤ የአነስተኛው የግብር ሂሳብ ቢሮ ታሪክ

ሐምሌ ሲገባ በመርካቶ ዙሪያ አንድ ክፍል ተከራይተው የነጋዴን የግብር ሂሳብ በሚሠሩ ባለሙያዎች በር ላይ ጃንጥላ ይበዛል። ከዝናቡ አምልጦ ደረጃውን የወጣው ነጋዴ የዓመት ንግዱን በአንድ ፌስታል አንጠልጥሎ ይገባል። በፌስታሉ ውስጥ የግዢ ደረሰኝ አለ፤ የመብራትና የውሃ ክፍያ አለ፤ የሱቅ ኪራይ ውል አለ፤ አልፎ አልፎም የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ከሸቀጡ ደረሰኝ ጋር ተጣብቆ ይገኛል። ባለሙያው ይህን ሁሉ እየለየ ሲደረድር ነጋዴው የሚጠይቀው ግብሩ ስንት እንደሚደርስ ብቻ አይደለም። «ጽፈን ስናቀርብ ያምኑናል ወይ?» ይላል።

ጥያቄው ከቢሮው ዕድሜ እጅግ የቀደመ ነው። በአገራችን ግብር ለብዙ ዘመን የተተመነው በመዝገብ ሳይሆን በዓይን ነበረና። የአሥራት ገማች ከአዝመራው ዳር ቆሞ የሚሰበሰበውን እህል ይገምትና ከዐሥር አንዱን ያስቆርጥ ነበር። መሬት በቃላድ መለካት ከጀመረ በኋላም ቢሆን ስፋቱ በገመድ ይታወቅ እንጂ ለምነቱ ለሰው ፍርድ የተተወ ነበር። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በሦስት ከፍሎ፣ በብዙ አውራጃዎች ለአንድ ጋሻ 15፣ 10 ወይም 5 ብር የመሬት ግብር፣ በአሥራት ፈንታ ደግሞ 35፣ 30 ወይም 10 ብር እንዲከፈል አደረገ። በልኬት ሥራ የተሰማራ ሰው ይህን ሲያነብ ልብ የሚለው ነገር አለ፤ አንዱ ልክ በገመድ፣ ሌላው ልክ በአስተያየት ተወስዶ ሁለቱ ሲባዙ የውጤቱ ታማኝነት ከደካማው ልክ አይበልጥም።

የዚህ ድክመት ዋጋ በ1960 ዓ.ም. ታየ። አሥራትን ሽሮ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብርን የተካው አዋጅ በወጣ ጊዜ የጎጃም ገበሬ ገማቾችን አላስገባም ብሎ ተነሣ። ከግብሩ መጠን ይልቅ ያስቆጣው መሬታችን ሊለካ ነው፣ ነገም ሊወሰድ ነው የሚለው ሥጋት ነበረ። ጦር እስከ መዝመት ተደርሶ፣ በመጨረሻ መንግሥት አዲሱን ግብር ማስከፈሉን ትቶ ውዝፉንም ለመማር ተገደደ።

የከተማው ነጋዴ ታሪክ ግን በሌላ መንገድ ሄደ። በ1936 ዓ.ም. የግልና የንግድ ሥራ ግብር አዋጅ ወጥቶ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የንግድ ሕግ ደግሞ ነጋዴ የሂሳብ መዝገብ እንዲይዝና መዝገቡንም ዐሥር ዓመት እንዲያስቀምጥ ሲያዝ፣ ጥቃቅን ነጋዴዎችን ከዚህ ግዴታ ነጻ አወጣ። በማግሥቱ ዓመት የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 173 የደመወዝን፣ የኪራይንና የንግድን ገቢ በየሠንጠረዡ ለየ። ጥቃቅኑን ከመዝገብ ነጻ ማውጣት በጊዜው ርኅራኄ ይመስል ነበር፤ በእርግጥም ፊደል ላልቆጠረ ባለ ሱቅ ሸክም ማቅለል ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ ሌላ ፊት ነበረው። መዝገብ ያለው ነጋዴ ስለ ራሱ ይናገራል፤ መዝገብ የሌለው ግን ሌላው ስለ እርሱ የሚናገረውን ተቀብሎ ለመክፈል ይገደዳል። ከዚያ ወዲህ የወጡት የግብር ሕጎች ሁሉ ይህን ድንበር ወዲያና ወዲህ ሲገፉት ኖሩ።

በዚያ ዘመን ለትንሹ ነጋዴ የሚሠራ የሂሳብ ቢሮ አለ ለማለት ያስቸግራል። በ1935 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ያሠለጠናቸው ወጣቶች ባንኩ፣ መሥሪያ ቤቱና ትልልቁ ኩባንያ ይቀራመቷቸው ነበር። ባለ ሱቁ ግን ትምህርት የቀመሰ ልጁን፣ ያም ከሌለ በመሥሪያ ቤት በር ላይ የሚቀመጠውን ማመልከቻ ጸሐፊ ይዞ ይሟገት ነበር። ማመልከቻ ጸሐፊው ሂሳብ አያውቅም፤ ሆኖም «ከአቅሜ በላይ ተገምቶብኛል» የሚለውን አቤቱታ ልብ በሚነካ አማርኛ ማዘጋጀት ይችልበታል። የዛሬው የግብር ባለሙያ ቅድመ አያት እርሱ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

የደርግ ዘመን ለዚህ ሙያ ጠባብ ነበር። በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 76 የግል ነጋዴን ካፒታል በችርቻሮ 200 ሺህ፣ በጅምላ 300 ሺህ፣ በኢንዱስትሪ 500 ሺህ ብር ላይ ወሰነው። ከጊዜ በኋላም ለግለሰብ ነጋዴ ከፍተኛው የግብር ልክ እስከ 89 ከመቶ ደረሰ። ከጫፉ ላይ ከሚገኝ መቶ ብር ዐሥራ አንዱ ብቻ የሚተርፈው ሰው እውነተኛውን መዝገብ ለማሳየት ምን ምክንያት ይኖረዋል? ከዚያ ወዲያ የመጣው የሁለት መዝገብ ልማድ፣ አንዱ ለመሳቢያ ሌላው ለመንግሥት፣ የክፉ ጠባይ ውጤት ብቻ ተደርጎ ይነገራል። ከፊሉ ግን የሠንጠረዡ ውጤት ነበር።

አነስተኛው የሂሳብ ቢሮ በእግሩ የቆመው በ1994 እና በ1995 ዓ.ም. በወጡት ሕጎች ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286/1994 ነጋዴዎችን በሦስት ደረጃ መደበ። ዓመታዊ ሽያጩ ከ500 ሺህ ብር በላይ የሆነና በሕግ ሰውነት የተቋቋመ ድርጅት በደረጃ «ሀ»፣ ከ100 ሺህ በላይ እስከ 500 ሺህ የሆነው በደረጃ «ለ»፣ ከዚያ በታች ያለው በደረጃ «ሐ» ገባ። «ሀ» የሀብትና ዕዳ መግለጫን ከትርፍና ኪሳራ መግለጫ ጋር፣ «ለ» የትርፍና ኪሳራ መግለጫን ያቀርባሉ፤ «ሐ» በቁርጥ ግብር ይገመታል። ከፍተኛው የግለሰብ ነጋዴ የግብር ልክም 35 ከመቶ ሆነ። በታኅሣሥ 1995 ዓ.ም. የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 ከመቶ ሆኖ ሥራ ላይ ዋለ፤ እዚያ ውስጥ ያልገባው ነጋዴ የተርን ኦቨር ታክስ ከፋይ ሆነ። እንግዲህ በዓመት አንድ ጊዜ ከግብር ጋር ይገናኝ የነበረ ሰው በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ ማስታወቅ ግዴታው ሲሆን፣ ወርኃዊ ክፍያ እየተቀበለ የብዙ ነጋዴዎችን መዝገብ የሚይዝ ባለሙያ አስፈላጊ ሆነ።

የዚህ ባለሙያ የዕለት ተዕለት ችግር ከሕጉ ክብደት የሚጀምር ለሚመስለው ሰው፣ ነገሩ ከመሳቢያ ይጀምራል። የባለ ሱቁ መሳቢያ አንድ ነው። የሸቀጥ ገንዘብ፣ የቤት ወጪ፣ የዕቁብ መዋጮና ለዘመድ የሚበደረው ሁሉ ከዚያው ይወጣል። ባለሙያው ዓመቱን ከኋላ ወደ ፊት እያነበበ የትኛው የሱቁ፣ የትኛው የቤቱ እንደሆነ ይለያል። ነጋዴው ዕቁብ የጣለውን ወጪ አድርገህ ጻፍልኝ ሲለው፣ ዕቁብ ወጪ አለመሆኑን ማስረዳት የሰዓታት ሥራ ነው።

ቀጥሎ የዘመን አቆጣጠር አለ። የግብር ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ የአስመጪው ሰነድ ግን በፈረንጅ ቀን ይመጣል። በብዙ ቢሮ ያገለገለው ፒችትሪ የሚባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራምም የኢትዮጵያን ወራት አያውቅም፤ ስለዚህ ዓመቱ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 8 እስከ ጁላይ 7 ተብሎ ይከፈትለታል። ዐሥራ ሦስተኛዋ ወር የጳጉሜን ሽያጭ ደግሞ ከነሐሴ ጋር ይደመራል። ከዘመነ ሉቃስ በኋላ የመስከረም መባቻ በአንድ ቀን ሲሸሽ የወራቱ ድንበር እስከ የካቲት ድረስ አብሮ ይሸሻል። ይህን የረሳ ጀማሪ ሂሳብ ሠራተኛ የአንድ ቀን ሽያጭ በሁለት ወር ውስጥ ሊጽፍ ወይም ጭራሽ ሊዘለው ይችላል፤ ተቆጣጣሪው ከሁለት ዓመት በኋላ ሲመጣም በመጀመሪያ የሚያገኘው ይህንኑ ነው።

የቅድሚያ ግብር ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ድርጅቶች ዕቃ ሲገዙ ከሻጩ ሂሳብ ከመቶ የተወሰነ እጅ ቀንሰው ለመንግሥት ያስገባሉ፤ ሻጩም ደረሰኙን ይዞ በዓመቱ መጨረሻ ከግብሩ ያቀናንሳል። ደረሰኙ ከጠፋ ግን የተከፈለው ግብር እንዳልተከፈለ ይቆጠራል። ስለሆነም የአንድ ትንሽ ቢሮ ሠራተኛ ነሐሴን የሚያሳልፈው በከፊል ሂሳብ በመሥራት፣ በከፊልም ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት እየዞረ የአንዲት ቁራጭ ወረቀት ግልባጭ በመለመን ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው የሐሰተኛ ደረሰኝ ጉዳይ ነበር። ዕቃ ሳይሸጡ ደረሰኝ ብቻ የሚሸጡ ስም አልባ ነጋዴዎች በበዙበት ወቅት፣ ዕቃውን በእውነት ገዝቶ ደረሰኙን በቅንነት የተቀበለ ሰው እንኳ ወጪው ውድቅ ተደርጎበታል። ባለሙያው የደረሰኙን ድምር እንጂ የሻጩን ነፍስ አይመረምርም። ይሁንና ነጋዴው ቅጣቱን ይዞ ሲመለስ የሚወቅሰው መዝገቡን የሠራውን ሰው ነው። የቅሬታው መንገድም ቢሆን ለትንሽ ሰው ረጅም ነበር፤ ወደ ይግባኝ ለመድረስ አከራካሪውን ግብር ግማሽ አስቀድሞ ማስያዝ ግዴታ ስለነበረ፣ እውነት ያለው ሁሉ እውነቱን ይዞ እስከዚያ አይዘልቅም።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 139 የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያን ግዴታ ሲያደርግ ብዙዎች የመዝገብና የግምት ክርክር በመሣሪያ ሊዘጋ ነው ብለው ነበር። አሳቡ ውብ ነው። መሣሪያው ፊስካል ሜሞሪ የሚባል የማይፋቅ ማኅደር አለው፤ በማሸጊያ ይታሸጋል፤ በየቀኑ ማታ ዜድ ሪፖርት የሚባለውን የቀን ድምር ያወጣል፤ መረጃውንም በስልክ መስመር ወደ ግብር መሥሪያ ቤቱ ይልካል። ይሁን እንጂ ማናቸውም መለኪያ የሚለካው በውስጡ ያለፈውን ብቻ ነው፤ በጎኑ የሚያልፈውን ውኃ የሚቆጥር ቆጣሪ እስካሁን አልተሠራም። ሕጉን ያከበረ ነጋዴ እያንዳንዱን ሽያጭ ሲመዘግብ፣ ጎረቤቱ «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስልሃለሁ» እያለ ደንበኛውን ወሰደበት። በቢሮው በኩል ደግሞ ማንም ያላሰበው ትንሽ ችግር ተገኘ። የመሣሪያው ወረቀት በሙቀት የሚጻፍ በመሆኑ ጽሕፈቱ በጊዜ ብዛት ይደበዝዛል። ለዓመታት እንዲቀመጥ የታዘዘ ማስረጃ ከአንድ ክረምት በኋላ ባዶ ነጭ ወረቀት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ጥንቁቅ ቢሮዎች እያንዳንዱን ዜድ ሪፖርት በዕለቱ ፎቶ ኮፒ ማንሣትን የሥራቸው ክፍል አደረጉ፤ የኮፒው ወጪም ከማይጨመረው የአገልግሎት ዋጋቸው ላይ ይታሰባል።

በ2008 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 979 የደረጃዎቹን ወሰን ከፍ አድርጎ «ሐ»ን እስከ 500 ሺህ፣ «ለ»ን እስከ አንድ ሚሊዮን ብር አደረሰ። በዚያው ዓመት የወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 የታክስ ወኪልነት በፈቃድ የሚሠራ ሙያ እንዲሆን ደነገገ። የማመልከቻ ጸሐፊው የልጅ ልጅ በሕግ ስም አገኘ ማለት ነው። ነገር ግን ወዲያው በዓመቱ ግምት ተመልሶ መጣ። በ2009 ዓ.ም. ገማች ቡድኖች ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ የነጋዴውን የቀን ገቢ ተመኑ፤ የአንድ ቀን ግምት በዓመቱ የሥራ ቀናት ሲባዛ ስሕተቱም አብሮ ተባዛ። በሐምሌ ወር ውጤቱ ሲነገር በአምቦ፣ በወሊሶና በሌሎች ከተሞች ሱቆች ተዘጉ፤ አዲስ አበባም ውስጥ በአንዳንድ ሰፈር እንዲሁ ሆነ። መንግሥት ቅሬታ ተቀብሎ የብዙዎችን ግምት አሻሻለ።

በዚያ ሐምሌ የአነስተኛ ቢሮዎች ደረጃ ላይ የቆሙት ሰዎች ከወትሮው የተለዩ ነበሩ። መዝገብ ይዘው የማያውቁ የጉልት ጎረቤት ሱቆች፣ ፀጉር ቤቶች፣ ትንንሽ ምግብ ቤቶች በአንድ ደብዳቤ ከ«ሐ» ወደ «ለ» ወይም ወደ «ሀ» ተዛውረው፣ ከእንግዲህ መዝገብ ያዙ ተብለው መጡ። አንዳንዱ የመጣው ደብዳቤውን ለማስነበብ ብቻ ነበር። የባለሙያው ችግር ደግሞ ላለፈው ዓመት መዝገብ መፍጠር አለመቻሉ ነው፤ ያልተጻፈ ሽያጭ በኋላ ሲጻፍ እርሱም በተራው ግምት ይሆናል። ይህን በሐቀኝነት የተናገሩ ደንበኛ አጡ፤ «እንሠራዋለን» ያሉት አገኙ። የሙያው ስም በዚያ ክረምት የተጎዳው በዚህ ነው፤ የቅን ባለሙያዎች ቂምም እስካሁን አልበረደም።

በ2017 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ ሦስቱን ደረጃዎች ወደ ሁለት አውርዶ ለትንሹ ነጋዴ የግብሩን መሠረት ሽያጩ አደረገ። ለትንሹ ሰው ወጪን በደረሰኝ የማስረዳቱ ድካም ቀለለ፤ ሽያጩ ስንት እንደሆነ የማሳመኑ ጥያቄ ግን እንዳለ ነው። ለሐምሌ የሚመጣው ፌስታልም ቀለል ብሏል። ከቢሮዎቹ ግድግዳ ሥር ግን የካርቶን ክምር አለ፤ በየካርቶኑ ላይ የደንበኛ ስምና ዓመት በማርከር ተጽፏል። ሱቃቸውን የዘጉና ንግድ የቀየሩ ሰዎች ካርቶን ሳይቀር የመቆያው ዘመን እስኪያልፍ አይጣልም። አልፎ አልፎ አንድ የቀድሞ ደንበኛ የውሳኔ ደብዳቤ ደርሶት ይመጣና፣ ባለሙያው መሰላል ተደግፎ የ2009ን ካርቶን ያወርዳል፤ አቧራውን አራግፎ የደበዘዘውን ደረሰኝ ከፎቶ ኮፒው ጋር ጎን ለጎን በጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል።