ስኒ፣ ሃይላንድና ለምለም፦ የሕፃናት ተቅማጥ በቡናው ምድር

ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ፣ በበበቃም ዙሪያ፣ ቡና ሲቀላ ቤቱ ባዶ ይሆናል። እናት ለቀማ ትወጣለች፤ ሕፃኑ ከታላቅ እኅቱ ጋር ይቀራል። ቴፒ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለችና ውሃ አይጠፋም፤ ንጹሕ ውሃ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ማታ ሕፃኑን ማስቀመጥ ሲጀምረው የመጀመሪያዋ ሐኪም እናቱ ናት።

ምርመራውም የሚጀምረው ከጓዳ ነው፦ ጥርስ ሊያበቅል ነው፣ ምች መትቶታል፣ ፀሐይ የመታው ጡት ጠጥቶ ነው። ስሙ ሕክምናውን ይወስናል። ጥርስ ነው ከተባለ በብዙ የአገራችን ክፍል ግግ ይነቀላል፣ አንዳንዴም እንጥል ይቆረጣል። ተቅማጡ እዚያው ይቀጥላል፤ ደም መፍሰስና ቁስል ይጨመርበታል።

ከዚህ ይልቅ የተለመደው ግን ድምፅ የሌለው ስሕተት ነው፤ መጠጡንና ምግቡን መቀነስ። የገባው ሁሉ ወዲያው ሲወጣ እያዩ መከልከል ለዓይን ምክንያታዊ ይመስላል። ሕፃኑን የሚገድለው ግን በአብዛኛው የወጣው ውሃና ጨው አለመተካቱ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 12 በመቶው በቀደሙት ሁለት ሳምንታት ተቅማጥ ይዟቸው ነበር። ከእነዚህ ሕዝቡ «ለምለም» የሚለውን፣ በውሃ የሚበጠበጠውን የስኳርና የጨው ውሕድ (ኦአርኤስ) ያገኙት 30 በመቶ ገደማ ናቸው።

የለምለም ምሥጢር ቀላል ነው። አንጀት በተቅማጥ ጊዜም ስኳርና ጨውን አብሮ ይቀበላል፤ ውሃው ተከትሏቸው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1971 ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ በሕንድ ድንበር በነበረ የባንግላዴሽ ስደተኞች ጣቢያ ይህንኑ ውሕድ ለኮሌራ ሕሙማን ሰጡ። የሟቾች ቁጥር ከ30 በመቶ ገደማ ወደ 4 በመቶ ያህል ወረደ። ያጠጡት በአብዛኛው የሕሙማኑ ዘመዶች ነበሩ።

በቤት ውስጥ አስቸጋሪው ልኩ ነው። የአንድ ሊትር ፓኬት በአንድ ብርጭቆ ከተበጠበጠ ጨው ይበዛበታል፤ በትልቅ ጆግ ከሆነ ይቀጥናል። ሆኖም መለኪያው ከቤት አይጠፋም፦ የታጠበ ባለ አንድ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ወይም ሁለት ግማሽ ሊትሮች፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይሞላባቸውና ፓኬቱ በዚያ ውሃ ይበጠበጣል። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ይሰጠዋል፤ ቡና የሚጠጣበት ስኒ ለዚህ ይመቻል። ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ይጠበቅና በማንኪያ ቀስ እያሉ ይቀጥላሉ። ከ24 ሰዓት ያለፈው ይደፋል።

ጡት አይቋረጥም፤ እንዲያውም ቶሎ ቶሎ ይጠባል። ምግብ የጀመረው ገንፎውን ወይም በደንብ የተፈጨ ጎደሬውን ይብላ። ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል፤ ከስድስት ወር በታች 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ 20። ተቅማጡ ቢቆምም ዚንኩ አይቋረጥም።

ደም ከታየ፣ ሕፃኑ መጠጣት ካቃተው፣ ዓይኑ ወይም እርግብግቢቱ ከሰረጎደ ግን ጊዜ ሳይፈጅ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ1995 ዓ.ም.፣ ተቅማጥን የሚከላከለው የሮታ ክትባት በ2006 ዓ.ም. ተጀምረዋል። ፓኬቱም በጤና ኬላ ይታደላል። ባለሙያዋ ፓኬቱን ሰጥታ ከመሸኘት ይልቅ እናትየዋ ራሷ በፊቷ እንድትበጠብጠው ታድርግ፤ ከለቀማ የማትቀር እናት ከሆነች ደግሞ ሕፃኑን የምትይዘው ታላቅ እኅትም አብራ ትማር።