ምጽዋና የዕረፍት ጊዜ ትዝታችን

በበጋ ከፕሪንስዳል ወረድ ብለው ቬርቬንቡክታ ሲዋኙ ምጽዋ ትዝ ትልዎት ይሆን? የዚያ ባሕር ለብታ እዚህ ባይገኝም፣ ጨው ጨው የሚለው ሽታ ሰውን ወደ ኋላ ይወስዳል።

ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በነበረችበት በንጉሡ ዘመን፣ ከአሥመራ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ ጎርጉሱም ዳርቻ የተዝናና ሰው ወሬው ዓመት አያልቅም ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴም የባሕር ኃይል ቀን ሲከበር ወደዚያው ይወርዱ ነበር። ያን ባሕር ኃይል ካደራጁትና ካሠለጠኑት መካከል የኖርዌይ መኮንኖች እንደነበሩ ለጎረቤትዎ ቢያጫውቱት ሳይገረም አይቀርም።

ከተማይቱ መከራ አዲሷ አይደለም። በነሐሴ 1913 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ አፈራርሷት እንደገና ተሠርታለች። የባሰው በየካቲት 1982 ዓ.ም. መጣ። ሻዕቢያ በፈንቅል ዘመቻ ያዛት፤ ከዚያም የደርግ አውሮፕላኖች ደበደቧት። በ1860ዎቹ ለሙንዚንገር የተሠራውና ኋላ የንጉሡ ማረፊያ የሆነው ቤተ መንግሥት ጉልላቱ ተነደለ፤ በኮራል ድንጋይ የተገነቡት ጥንታዊ ቤቶችም ተናዱ።

እኛ ስለ ምጽዋ ስንተክዝ የምናነሳው ባሕሩንና የተጠበሰውን ዓሣ ነው። እኔም እንዲሁ ነኝ። ቦምቡ ሲወርድ ግን እዚያ የነበረው ለዕረፍት የሄደው እንግዳ አልነበረም፤ ዓሣውን አጥምዶ ያበላን፣ ጨው የሚዝቀው፣ ወደብ ላይ የሚሸከመው ነዋሪ ነበር።

የዚያን ጊዜ ፎቶግራፍ ካለዎት እስቲ አውጥተው ይዩት። ከጀርባ ትሪ ይዞ የቆመው አሳላፊ ስሙ ማን ነበር?