በማር፣ በበቅሎ፣ በኦድ

የዓባይን በረሃ ወጥቶ ደጀንን ያለፈ መንገደኛ ደብረ ማርቆስ ከመግባቱ በፊት ሉማሜን ያገኛል። ከተማዋ የአዋበል ወረዳ መቀመጫ ናት፤ አዲስ አበባን ከጎጃም የሚያገናኘው ዋና መንገድም ያልፍባታል። በድሮው ዘመን በደጋው አገር መንገድ የሚሄድ ሰው ሳያስበው ዳኛ ሊሆን ይችል ነበር። የተጣሉ ሰዎች "በሕግ አምላክ" ተባብለው፣ ነጠላቸውን ቋጥረው፣ ያገኙትን አላፊ አግዳሚ "ዳኘን" ይሉታል። እሱም ቆሞ ይሰማቸዋል። ነገሩ ቀላል ከሆነ ይፈርዳል ወይም ያስታርቃል፤ ከከበደው ወደ አገሩ ሹም ይመራቸዋል።

በዚያ የሙግት ሥርዓት ውርርድ ትልቅ ቦታ ነበረው። ተሟጋቹ አደግድጎ፣ ዘንጉን ጨብጦ፣ በበላ ልበልሃ ስልት ነገሩን ካሳመረ በኋላ ቃሉን በንብረት ያስይዛል። እንደ ጉዳዩ ክብደት ማር፣ ፈረስ፣ በቅሎ፣ በኋላም ጥሬ ብር ይጠራል። ባላጋራው ይቀበላል፤ ሁለቱም ዋስ ይጠራሉ፤ ምስክር ይሰማል። አንዱ ነጥብ ካለቀ በሌላው ነጥብ እንደገና መወራረድ ይቻላል። በመጨረሻ የተረታው ወገን የተወራረደበትን ይከፍላል። ክፍያው ግን ለረታው ባላጋራ አይደለም፤ ለዳኛው ነው።

ይህ ያለ ምክንያት የመጣ አልነበረም። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መንቆረርን ደብረ ማርቆስ ብለው ጎጃምን ሲገዙም ሆነ ልጃቸው ራስ ኃይሉ እስከ 1924 ዓ.ም. በሥልጣን ላይ ሲቆዩ፣ ሹሙና ዳኛው የሚኖሩት ከመንግሥት በሚቆረጥላቸው ደመወዝ ሳይሆን ከግብር፣ ከመቀጫና ከውርርድ በሚያገኙት ነበር። ስለዚህ ከሁለቱ ተሟጋቾች የትኛውም ቢረታ ዳኛው ገቢውን ያገኛል። ተሟጋቾቹ እልህ ተጋብተው ውርርዱን በደራረቡ ቁጥር ገቢው ይጨምራል። ከነፃነት በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. በወጣው የዳኝነት አስተዳደር አዋጅ ፍርድ ቤቶች በአዲስ መልክ ሲደራጁ የዳኛ ኑሮ ከተሟጋቾች እልህ እየተለየ መጣ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ሙግትን የሚመራው በክስ ማመልከቻ፣ በመልስና በማስረጃ ነው።

ያ የችሎት ውርርድ ግን አንድ ነገር ይጎድለው ነበር። በቅሎ የተወራረደ ሰው ማስረጃው የጠነከረም የሳሳም ቢሆን የሚያስይዘው ያው በቅሎ ነው። የማሸነፍ ዕድሉ ስንት እንደሆነ በቁጥር የሚለካበት መንገድ አልነበረም።

ያ መለኪያ የመጣው ከሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1654 ሁለት ፈረንሳውያን የሒሳብ ሊቃውንት፣ ብሌዝ ፓስካልና ፒየር ደ ፌርማ፣ ሳያልቅ የተቋረጠ ጨዋታ መደብ ለተጫዋቾቹ እንዴት መከፈል እንዳለበት ተጻጻፉ። መልሳቸው እስከዚያ ሰዓት ማን እንደመራ ብቻ የሚያይ አልነበረም። ጨዋታው ቢቀጥል እያንዳንዱ የማሸነፍ ዕድሉ ስንት ነው የሚለውን አሰላ። ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በእንግሊዝ ኒውማርኬት የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ፣ ሃሪ ኦግደን የተባለ ሰው ለእያንዳንዱ ፈረስ የተለያየ ዋጋ በማውጣት የመጀመሪያው አወራራጅ እንደሆነ ይነገርለታል። ጠንካራው ፈረስ ቢያሸንፍ ጥቂት ይከፍላል፤ ደካማው ቢያሸንፍ ብዙ። ዛሬ ወጣቶቻችን "ኦድ" የሚሉት ቁጥር የዚያ አሠራር ልጅ ነው።

በኢትዮጵያ 1954 ዓ.ም. ለዚህ ታሪክ ልዩ ዓመት ነው። ብሔራዊ ሎተሪ የተቋቋመው በዚያ ዓመት ነው። ጥር 13 ቀን ደግሞ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በአዲስ አበባ የአፍሪካን ዋንጫ አነሣ። በይድነቃቸው ተሰማ የሚሠለጥነው ቡድን የገጠመው የቀደሙትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችውን ግብፅን ነበር፤ ያኔ ስሟ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ነው። ግብፅ ሁለት ጊዜ መርታ ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ አቻ አደረገች። ተክሌ ኪዳኔና ሉቺያኖ ቫሳሎ ባገቧቸው ጎሎች 90 ደቂቃው 2 ለ 2 ተጠናቀቀ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉና 4 ለ 2 ሆነ።

ያን ጨዋታ በዛሬ የውርርድ ሕግ ብናየው ብዙ ያስተምራል። "ኢትዮጵያ ታሸንፋለች" ብሎ ትኬት የቆረጠ ሰው ይበላ ነበር። የተለመደው የማሸነፍ፣ የአቻና የመሸነፍ ውርርድ የሚዘጋው በ90 ደቂቃው ውጤት ነውና ገንዘቡን የሚወስደው አቻ ያለው ነው። "ከ2.5 በላይ ጎል" ያለውም ያገኛል፤ በ90 ደቂቃ ውስጥ አራት ጎል ተቆጥሯልና። በሀንዲካፕ ለኢትዮጵያ ግማሽ ጎል ተደምሮላት ቢሆን ደግሞ 2.5 ለ 2 ተብሎ በእሷ የተወራረደ ሁሉ ይከፈለው ነበር። አንድ ጨዋታ፣ አንድ ውጤት፣ ሦስት የተለያየ ፍርድ።

ሀንዲካፕም የራሱ ታሪክ አለው። በአሜሪካ የነጥብ ልዩነት ውርርድን በማስፋፋት ስሙ የሚጠቀሰው ቻርልስ ማክኒል ነው፤ የሒሳብ መምህር የነበረና እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በቺካጎ አወራራጅ የሆነ ሰው። ችግሩ ግልጽ ነበር። ጠንካራና ደካማ ቡድን ሲገናኙ ሁሉም በጠንካራው ላይ ይወራረዳል፤ የደካማውን ወገን የሚይዝ ይጠፋል። መፍትሔው ጥያቄውን መቀየር ሆነ፤ "ማን ያሸንፋል?" መባሉ ቀርቶ "በስንት ነጥብ ያሸንፋል?" ተባለ። በቅርጫት ኳስ ለጠንካራው ቡድን −6.5 ከተጻፈለት በ7 ነጥብና ከዚያ በላይ ካላሸነፈ በእሱ የተወራረደው ይበላል። ግማሿ ነጥብ የገባችው አቻ እንዳይኖር ነው። በዚህ ዓይነት ውርርድ በአሜሪካ የተለመደው 100 ለማግኘት 110 ማስያዝ ነው። ሁለት ሰዎች በተቃራኒ ወገን 110፣ 110 ቢያስይዙ 220 ይሰበሰባል፤ ለአሸናፊው 210 ይሰጣል፤ 10 ለአወራራጁ ቤት ይቀራል። ስለዚህ ሳይከስር መቆየት የሚፈልግ ተወራራጅ ከመቶ ውርርድ ቢያንስ 53ቱን ማሸነፍ አለበት።

እዚህ ላይ አወራራጁ ከድሮው ዳኛ ጋር ይገናኛል። ማን እንደረታ ሳያስጨንቀው ድርሻውን ያገኛል። ልዩነቱ የዳኛው ድርሻ በአደባባይ በስሙ የሚጠራ መሆኑ ነው፤ የአወራራጁ ድርሻ ግን በኦዶቹ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል።

ድብቁን ለማውጣት አካፍሎ መደመር ይበቃል። ለአንድ ጨዋታ ባለሜዳው 1.80፣ አቻ 3.40፣ እንግዳው 4.50 ተሰጥቷቸዋል እንበል። 100ን ለእያንዳንዱ ኦድ ስናካፍል 55.6፣ 29.4 እና 22.2 እናገኛለን። ድምሩ 107.2 ነው። ውጤቱ የትኛውም ቢሆን 100 ብር እንዲመለስለት የሚሻ ሰው በሦስቱ ላይ 107 ብር ከ20 ሳንቲም ማስያዝ ይኖርበታል ማለት ነው። ትርፉ 7 ብር ከ20 የቤቱ ነው፤ ከተያዘው ገንዘብ 6.7 በመቶ ገደማ። ኦዱ ደግሞ የቡድኑን አቅም ብቻ አይናገርም። ብዙ ገንዘብ ወደ አንድ ወገን ሲፈስ አወራራጁ የዚያን ወገን ኦድ ይቀንሳል፣ የሌላውን ይጨምራል።

ኦድ በጣም የሚሳሳትበት ጊዜም አለ። በ2007 ዓ.ም. ማብቂያ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ውድድር ሲጀመር አወራራጆች ለሌስተር ሲቲ ሻምፒዮንነት 5,000 ለ 1 ሰጥተው ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 2008 ዓ.ም. ሌስተር ዋንጫውን አረጋገጠ። ይህ ታሪክ በየዲኤስቲቪ ቤቱ ሲነገር ይኖራል። በሌሎች ዓመታት በእንዲህ ያለ ኦድ የተቆረጡት ትኬቶች ግን የሚያነሣቸው የለም።

በእኛ አገር የስፖርት ውርርድ የተስፋፋው በ2010ዎቹ ነው። ብሔራዊ ሎተሪን እንደገና ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 535/1999 መሥሪያ ቤቱን የዘርፉ ፈቃድ ሰጪ አድርጎታል፤ በመሥሪያ ቤቱ አጠራርም ሥራው "የስፖርት ውርርድ ሎተሪ" ነው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መክፈል ቀሏል፤ ሉማሜ የተቀመጠ ወጣት ከአዲስ አበባው እኩል የማንችስተርን ኦድ በመዳፉ ይዞ ያያል።

ብዙዎችን የሚስበው በአንድ ትኬት ብዙ ጨዋታ መደርደር ነው፤ አደገኛውም እሱ ነው። እያንዳንዳቸው 1.80 ኦድ ያላቸው ዐሥር ጨዋታዎች በ20 ብር ቢቆረጡ ኦዱ እየተባዛ 357 ይደርሳል፤ ክፍያውም 7,141 ብር ይሆናል። ኦዱ ሲባዛ የቤቱ ድርሻም አብሮ ይባዛል። አወራራጁ የቡድኖቹን አቅም በትክክል ገምቷል፣ በየጨዋታው የሚይዘው ድርሻም እንደ ላይኛው ምሳሌ ነው ብንል እንኳ እንዲህ ካሉ ትኬቶች የሚያሸንፈው ከ714 ገደማ አንዱ ነው። 714 ትኬት 14,280 ብር ያስገባል፤ ለአንዱ አሸናፊ 7,141 ብር ይወጣል። በአንድ ጨዋታ ከመቶ ሰባት የማይሞላው የቤቱ ድርሻ በዐሥር ጨዋታ ሃምሳ ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከ1,000 ብር በታች ያልሆነ የዕድል ጨዋታ ሽልማት ያገኘ ሰው 15 በመቶ ግብር እንዲከፍል ደንግጎ ነበር። በዚያ ስሌት ለአሸናፊው የሚደርሰው 6,070 ብር ያህል ነበር።

ይህን ስሌት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሊሠራው ይችላል፤ ማካፈል፣ መደመርና ማባዛት ብቻ ነው። በሉማሜም ሆነ በደብረ ማርቆስ ትምህርት ቤቶች የዕድል ሒሳብ ሲሰጥ ከዳይና ከሳንቲም ጎን አንድ የውርርድ ትኬት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ቢወጣ ተማሪው በቀላሉ ይረዳዋል። ፈቃድ ሰጪው አካልም አወራራጆች በእያንዳንዱ ትኬት ላይ ከኦዱ ጎን የቤቱን ድርሻ በመቶኛ እንዲያትሙ ማዘዝ ይገባዋል፤ ባለ ዐሥር ጨዋታው ትኬት ላይ "50 በመቶ" የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው 20 ብሩን ከማውጣቱ በፊት ምን እየገዛ እንደሆነ ያውቃል።