ትረካዊ የሥነ ልቦና ሕክምና ምንድን ነው? ባለሙያውንስ በአቅራቢያችን እንዴት እናገኛለን?

በገጠር ቀበሌዎቻችን አንድ ሰው ከወትሮው ተለይቶ ዝምታ ሲያበዛ፣ ማሳው ጦም ሲያድር፣ ከዕድርና ከማኅበር ሲርቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሕክምና ቀድሞ የሚደርሰው ስም ነው። “ሰነፈ”፣ “ፈራ”፣ “ልቡን አጣ” ይባላል። ስሙ ሲደጋገም ጎረቤት ይለምደዋል፤ ውሎ አድሮ ሰውየው ራሱ ያምነዋል። ሕክምና ፈልጎ ከቤት ለመውጣት የሚያስፈልገው አቅምም በዚያው ይሟጠጣል።

ትረካዊ የሥነ ልቦና ሕክምና ወይም “ናሬቲቭ ቴራፒ” ሥራውን የሚጀምረው ከዚሁ ስም ነው። ሰውየውን ለብቻው፣ ችግሩን ለብቻው አድርጎ ይመለከታል። ይህ ጽሑፍ ሕክምናው ምን እንደሆነ፣ ለማን እንደሚጠቅም፣ በክልላችን የሚኖር ቤተሰብ ባለሙያ ሲፈልግ ከየት መጀመርና ምን መጠየቅ እንዳለበት ያብራራል።

ጉዳዩ የጥቂቶች ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ይፋ ባደረገው ግምት፣ ቀደም ባሉት 10 ዓመታት ግጭት በደረሰባቸው አካባቢዎች ከሚኖሩ ሰዎች 22 በመቶ ያህሉ ወይም ከአምስቱ አንዱ ድባቴን፣ ጭንቀትንና ሌሎች የአእምሮ ጤና ችግሮችን ተሸክሞ ይኖራል። ጦርነትን፣ መፈናቀልንና የሀብት ውድመትን ላሳለፈ ክልል ይህ ቁጥር የሩቅ ወሬ አይደለም።

ሕክምናው እንዴት ይሠራል?

ዘዴውን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ ያዳበሩት አውስትራሊያዊው ማይክል ዋይት እና በኒውዚላንድ የሚሠራው ዴቪድ ኤፕስተን ናቸው። ሁለቱ በ1990 በጋራ ያሳተሙት መጽሐፍ ዘዴው በሌሎች አገሮችም እንዲታወቅ አድርጓል። ሕክምናው የሚካሄደው በንግግር ነው።

ግብርናን ለሚያውቅ ሰው አቀንጭራ ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሆናል። አቀንጭራ ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ውኃውንና ምግቡን ይስባል፤ ከመሬት በላይ ብቅ ከማለቱ በፊትም ጉዳት ማድረስ ይጀምራል። ማሽላው ሲጠወልግ አይቶ “ዘሩ መጥፎ ነው” ያለ ገበሬ የችግሩን ምንጭ አላገኘውም። በትረካዊ ሕክምናም ባለሙያው “አንተ ምን ሆንክ?” ከማለት ይልቅ “ይህ ነገር መቼ መጣብህ? ምን ወሰደብህ?” ብሎ ይጠይቃል።

በሬዎቹን በግጭት ያጣና ከዚያ ወዲህ ከቤት መውጣት ያቃተው አንድ አርሶ አደር አለ እንበል። በመጀመሪያ ለችግሩ በራሱ አንደበት ስም ያወጣለታል፤ “ጭጋጉ” ሊለው ይችላል። ቀጥሎ ጭጋጉ በእንቅልፉ፣ በትዳሩ፣ በልጆቹና በሥራው ላይ ያደረሰውን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ከዚያ ባለሙያው ጭጋጉ ያልቻለውን ቀን ይፈልጋል። ምናልባት አርሶ አደሩ ባለፈው ወር ለጎረቤቱ ደቦ ወጥቶ ይሆናል። ያን ቀን ያስነሣው ምንድን ነው? የጎረቤት ጉዳይ ለእሱ ይህን ያህል የሚከብደው ለምንድን ነው? ይህን ጠባዩን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅለት ማን ነው? ከእነዚህ ጥያቄዎች ከ“ሰነፍ” የተለየ፣ ነገር ግን ከራሱ ኑሮ የተገኘ እውነተኛ ታሪክ ይወጣል።

ሰውየው ከፈቀደ አንድ ዘመድ ወይም የዕድር ወዳጅ ተጋብዞ የሰማውን ይመሰክራል። አንዳንድ ባለሙያዎችም ከቆይታው በኋላ ለታካሚው አጭር ደብዳቤ ይጽፋሉ።

ለሕፃናት የሚውል ቅርጽም አለ። ዚምባብዌያዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ንካዜሎ ንኩቤ ከዴቪድ ዴንቦሮ ጋር “የሕይወት ዛፍ” የተሰኘውን ዘዴ ያዳበሩት በደቡባዊ አፍሪካ በኤች አይ ቪ ኤድስ ምክንያት ሐዘን ለደረሰባቸው ልጆች ነው። ልጁ ዛፍ ይሥላል፤ ሥሩ የመጣበትን፣ ግንዱ ችሎታውን፣ ቅርንጫፎቹ ተስፋውን፣ ቅጠሎቹ የሚወዳቸውን ሰዎች ያመለክታሉ።

ለማን ይጠቅማል? ለማንስ ብቻውን አይበቃም?

ሐዘን፣ መፈናቀል፣ የትዳር አለመግባባት፣ የልጆች ፍርሃትና “እኔ ዋጋ የለኝም” የሚል ስሜት ለዚህ ዓይነቱ ውይይት የሚመቹ ናቸው። ሆኖም ለድባቴ ሰፊ የጥናት ማስረጃ ያላቸው ሌሎች የንግግር ሕክምናዎች መኖራቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። በተለይ በአስተሳሰብና በድርጊት ለውጥ ላይ ያተኮረው ሕክምና በብዙ ጥናቶች ተፈትኗል። ስለዚህ ሌላ ዘዴ የሚሠራ ጥሩ ባለሙያ በቅርብ ከተገኘ ሕክምናውን በስሙ ምክንያት ማሳለፍ አይገባም።

ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ለቀናት ሳይተኛ የሚሯሯጥ ወይም ምግብና ውኃ ያቆመ ሰው በቅድሚያ በሐኪም መታየት አለበት። የሚጥል በሽታም መድኃኒት የሚያስፈልገው ሕመም ነው። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ወይም የተናገረ ሰው ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም። ብቻውን አለመተው፣ ፀረ ተባይ ኬሚካል፣ ገመድና የጦር መሣሪያን ከአጠገቡ ማራቅ፣ በዚያው ቀን ወደ ቅርብ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።

ፍለጋው ከየት ይጀምራል?

“ትረካዊ ሕክምና እንሰጣለን” የሚል ማስታወቂያ ፍለጋ ከተማ ለከተማ መዞር ድካሙ ብዙ፣ ውጤቱ ጥቂት ነው። ዘዴው ራሱን የቻለ የሥራ መደብ ስላልሆነ፣ የሚጠቀምበት የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ወይም የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም በመጀመሪያ ሕጋዊ ባለሙያ ማግኘት፣ ከዚያ ስለ ዘዴው መጠየቅ ይሻላል።

የመጀመሪያዋ በር የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ከእሷ ቀጥሎ ያለው ጤና ጣቢያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት ላልሆኑ የጤና ባለሙያዎች ያዘጋጀው የሥልጠና መርሐ ግብር በኢትዮጵያም ሥራ ላይ በመዋሉ፣ በዚህ የሠለጠነ ባለሙያ ባለበት ጤና ጣቢያ የመጀመሪያ ምርመራ ማድረግ ይቻላል። ከአቅም በላይ ከሆነ ወደ ሆስፒታል ይላካል።

በባሕር ዳር የፈለገ ሕይወት፣ በጎንደር የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ በደሴ የደሴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። እዚያ የደረሰ ቤተሰብ መድኃኒት ተቀብሎ ብቻ እንዳይመለስ “የንግግር ሕክምና የሚሰጥ ባለሙያ አለ ወይ?” ብሎ መጠየቅ አለበት። የሥነ ልቦና ትምህርት የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎችም፣ ባሕር ዳርና ጎንደርን ጨምሮ፣ ሊጠየቁ ይገባል፤ የትምህርት ክፍሎቹ በየትኛው ዘዴ ማን እንደሚሠራ ለመጠቆም ቅርብ ናቸው። በተፈናቃዮች መጠለያ የሚኖሩ ወገኖች ደግሞ በመጠለያው የሥነ ልቦናና የማኅበራዊ ድጋፍ የሚሰጥ ድርጅት ካለ አስተባባሪዎቹን ይጠይቁ።

የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን አባል የሆነ ቤተሰብ ደረጃውን ጠብቆ፣ የሪፈር ወረቀት ይዞ መሄድ ይኖርበታል። ወረቀቱን ዘልሎ በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ ወጪውን በራስ ላይ ሊጥል ይችላል። የግል ባለሙያ የሚመርጥ ሰው የአንዱን ቆይታ ዋጋና የሚገመተውን የቀጠሮ ብዛት አስቀድሞ ይጠይቅ።

ባለሙያውን ምን እንጠይቅ?

መጠየቅ ድፍረት ወይም ንቀት አይደለም። ዘር ሲገዛ የምርት ዘመኑና የብቅለት መጠኑ እንደሚጠየቅ ሁሉ፣ የሚከተሉትን በአክብሮት ማቅረብ ይቻላል።

1. ትምህርትዎ ምንድን ነው? የሙያ ፈቃድዎስ በማን የተሰጠ ነው?
2. በትረካዊ ሕክምና ሠልጥነዋል? የት? ሥራዎን የሚከታተል ከፍተኛ ባለሙያ አለ?
3. እኔ የነገርኩዎትን ማን ያውቃል? ምስጢሬ የማይጠበቀው በምን ሁኔታ ነው?
4. ከቤተሰቤ ሰው ይዤ መምጣት እችላለሁ? ካልፈለግሁስ?
5. ለውጥ መኖር አለመኖሩን በስንት ቀጠሮ እናውቃለን?
6. መድኃኒት ካስፈለገኝ ወደ ማን ይልኩኛል?

እዚህ ላይ ሁለት ስሞች እንዳይምታቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። “ናሬቲቭ ኤክስፖዠር ቴራፒ” የሚባለው ከትረካዊ ሕክምና የተለየ ነው። እሱ ጦርነትና ስደት ያደረሱትን የመንፈስ ቁስል ለማከም የተዘጋጀ ሲሆን፣ ታካሚው የሕይወቱን ታሪክ ከልደቱ ጀምሮ በቅደም ተከተል እንዲተርክ ይደረጋል። በገመድ ላይ አበባ ለደስታው፣ ድንጋይ ለመከራው ይቀመጣል። አሰቃቂ ትዝታን በዝርዝር መተረክ ያለበት ስለሆነ ያልሠለጠነ ሰው ሊሞክረው አይገባም።

ስለ መንገዱና ስለ ወቅቱ

ከአንድ ቀጠሮ በኋላ የሚቀር ታካሚ ሁልጊዜ ሕክምናውን ስለጠላ አይደለም፤ የትራንስፖርቱ ወጪ ወይም የአጨዳው ወቅት ሊያስቀረው ይችላል። ስለዚህ ቀጠሮው ከገበያ ቀን ጋር እንዲገጥም፣ በሥራ ወቅት እንዲራራቅ፣ አውታረ መረብ ባለበትም አንዳንዱ በስልክ እንዲሆን ከመጀመሪያው መነጋገር ይጠቅማል። በስልክ የሚነጋገር ሰው ሌላው የማይሰማው ቦታ ያስፈልገዋል። የትዳር ጓደኛ ጥቃት ለሚደርስባት ሴት ይህ ከደኅንነት ጋር የተያያዘ ነው።

ጸበል ወይም ዱዓ የሚከታተል ሰው ያንን ለመተው አይገደድም። ለባለሙያው መንገር ግን ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም እምነቱ የታሪኩ አንድ ክፍል ነው። የታዘዘ መድኃኒት ካለ ሐኪሙ ሳያውቅ ማቋረጥ አይገባም።

ባለሙያው እስኪገኝ ድረስ

ወራት የሚወስድ ፍለጋ ሊኖር ይችላል። በዚህ ጊዜ ቤተሰብ ሕክምና መስጠት ባይችልም ስሙን ማንሣት ይችላል። “ይህ ሰነፍ” የሚለውን ትቶ “ይህ ነገር ከያዘው ወዲህ” ብሎ መናገር፣ ሰውየው ትንሽም ብትሆን የሠራትን ነገር አይቶ መጥቀስ፣ ታሪኩን ያለ ፈቃዱ ለጎረቤት አለማውራት የማንንም ገንዘብ አይጠይቅም። የጠፋውን ከብት ወይም የወደመውን ሰብል ግን ንግግር አይመልሰውም። ስለዚህ የዘር፣ የእንስሳትና የብድር ድጋፍ የሚጠይቀው ጉዳይ በግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል ጎን ለጎን መሄድ አለበት።

የሪፈር ወረቀቱን ይዞ ለሚወጣ ቤተሰብም አንድ ነገር ይረዳል። ታካሚው መናገር ቢያቅተው እንኳ የሚነበብለት፣ ችግሩ የጀመረበትን ጊዜ፣ የወሰዳቸውን መድኃኒቶችና ሰውየው ደኅና የዋለባቸውን ቀናት የያዘ አጭር ማስታወሻ ከታካሚው ጋር ሆኖ ማዘጋጀት ነው። ባለሙያው የትኛውንም ዘዴ ቢከተል፣ በተለይ የመጨረሻውን ዝርዝር ይፈልገዋል።