ጭሱ የደረሰበትና አመዱ የወረደበት

ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ ረፋድ ላይ አፋር ውስጥ ሀይሊ ጉቢ ፈነዳ። የአመዱ ደመና ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ የመንና ኦማን ሲነጉድ የሚያሳየውን የሳተላይት ምስል ብዙዎቻችሁ ላካችሁልኝ። አንድ የድሮ ተማሪዬ ግን ከሁለት ቀን በኋላ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ቲቸር፣ ዴልሂ መድረሱን ሁሉም ያወራል። አፍዴራ ያሉት የዘመዶቼ ፍየሎችስ ምን ይብሉ?»

መልስ አልነበረኝም። የታሪክ አስተማሪ ነኝና ወደ ኋላ ሄድኩ።

በ1853 ዓ.ም. በዛሬዋ ኤርትራ ዱቢ የሚባለው ተራራ ፈነዳ። አመዱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወረደ፤ ከ100 በላይ ሰው ሞተ። ያኔ ከላይ የሚያይ ዓይን የለም። ጭሱ የት እንደደረሰ የሚታወቀው አመድ የወረደበት ሰው ሲናገርና ወሬው በደብዳቤ ሲደርስ ብቻ ነበር።

150 ዓመት ቆይቶ፣ ሰኔ 2003 ላይ፣ እዚያው አካባቢ ጭስ ተነሣ። መጀመሪያ ዱቢ ነው ተባለ፤ የቀድሞ ታሪክ አለበታ! የሳተላይት ምስል ሲታይ ግን ናብሮ ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያ በፊት መፈንዳቱ ተመዝግቦ የማያውቅ ተራራ። እሳት ሳይኖር ጭስ የለም እንላለን፤ የየትኛው እሳት እንደሆነ የለየው ግን ሳተላይቱ ነው።

ዘንድሮ ደግሞ ሜትዮሳት በየ15 ደቂቃው ያነሣቸው ምስሎች ሲደረደሩ የደመናው አቅጣጫና ፍጥነት ይታወቃል። ለዓይን የማይታየውን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሌሎች መሣሪያዎች ይለዩታል፤ ጋዙ ከፀሐይ ጨረር የተወሰነውን ስለሚውጥ። ፈረንሳይ፣ ቱሉዝ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ መከታተያ ማዕከል ለአብራሪዎች ማስጠንቀቂያ አወጣ። 14 ኪሎ ሜትር ገደማ የወጣው አመድ በማግስቱ ሌሊት ዴልሂ ሲደርስ አየር መንገዶች ያውቁ ነበር፤ በረራ የሰረዙም አሉ። አመድ የአውሮፕላን ሞተር ያጠፋልና ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ግን ማስጠንቀቂያው ለሚበር ሰው የተዘጋጀ ነው። ፍየሉን ይዞ በእግሩ ለሚሄድ እረኛ ማን ነገረው? በ1853 ስለሞቱት የቀረልን ቁጥራቸው ነው፤ ስማቸውን እኔ አላገኘሁም። የዘንድሮው ደመና መንገድ ግን በየ15 ደቂቃው ተመዝግቧል።

አፋር ያላችሁ ልጆቼ፣ አደራ! ያያችሁትን ጻፉልኝ፦ አመዱ ስንት ሰዓት ወረደ፣ ውኃው ምን ሆነ፣ ስንት ከብት ተጎዳ። አባቶቻችሁንም ጠይቁ። በአፋርኛም ቢሆን ችግር የለም፣ የሚያነብልኝ አላጣም።