ዘጠኙ ቱላዎች፦ ውኃን በሕግ የጠበቁ የቦረና ጉድጓዶች

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሐዋሳ፣ በዲላና በያቤሎ በኩል በየብስ ወደ ናይሮቢ የሚመጣ መንገደኛ ሞያሌ ከመድረሱ በፊት ዱብሉቅንና ሜጋን ያልፋል። ከመኪናው መስኮት የሚታየው ቀይ አፈር፣ የግራር ቁጥቋጦና ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ ስለሆነ አገሩ ውኃ አልባ ይመስላል። ይሁን እንጂ በዚህ ደረቅ ምድር ሥር የቦረና ሕዝብ ለብዙ ትውልዶች ከብቶቹን ያጠጣባቸው ጥልቅ ጉድጓዶች ይገኛሉ። የእነዚህ ጉድጓዶች ታሪክ ውኃን ከምድር የማውጣት ጥበብ ታሪክ ነው፤ ጥቂቱን ሀብት ለብዙ ሰው የማብቃቃት የሕግ ታሪክም ነው።

ጉድጓዶቹ ተሰባስበው የሚገኙባቸው ዘጠኝ ስፍራዎች «ቱላ» ይባላሉ። ከእነርሱም መካከል ዱብሉቅ፣ መልባና፣ ዌብና ዳስ ስማቸው የታወቀ ነው። የአንዳንዱ ጉድጓድ ጥልቀት እስከ 30 ሜትር ይደርሳል። በመጀመሪያ ከብቶች የሚወርዱበት ሰፊ ተዳፋት መንገድ ወደ መሬት ውስጥ ይቆፈራል፤ በመንገዱ መጨረሻ ከጭቃ የተሠራ ገንዳ ይበጃል፤ ከገንዳው አጠገብ ዋናው ጉድጓድ ቁልቁል ይወርዳል። ጎልማሶች ከታች እስከ ላይ በመሰላል ቆመው ውኃውን በባልዲ እየተቀባበሉ ወደ ገንዳው ያደርሱታል። ቅብብሉ እንዳይዛነፍ እየተቀባበሉ ይዘፍናሉ፤ «የሚዘፍኑ ጉድጓዶች» የሚለው ስያሜም የመጣው ከዚሁ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአበው ብሂል እዚህ በዓይን ይታያል።

ከጉልበቱ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ሥርዓቱ ነው። ጉድጓዱን ያስቆፈረው ሰው ወይም ወራሹ «ኮንፊ» ሲባል፣ የዕለቱን ተራ የሚያስከብረው «አባ ሄሬጋ» ይባላል። ኮንፊው ከብቶቹን አስቀድሞ የማጠጣት መብት ቢኖረውም ውኃውን እንደ ሸቀጥ መሸጥ አይችልም። ተራ የሚገኘው በገንዘብ ሳይሆን በጎሣ ዝምድናና ለቁፋሮ፣ ለጠረጋና ለቀዳ በሚዋጣ ጉልበት ነው። በበጋ ከብቶች የሚጠጡት በየሦስት ቀኑ ስለሆነ ራቅ ብለው መሰማራት ይችላሉ። ዝናብ በጣለ ጊዜ ደግሞ ጉድጓዶቹ ይዘጉና ሕዝቡ በኩሬ ውኃ ይጠቀማል፤ በዙሪያቸው ያለው የግጦሽ መሬትም ያርፋል። እንዲህ ያሉት ሕጎች በየስምንት ዓመቱ በሚካሄደው የጉሚ ጋዮ ጉባኤ እየተመረመሩ ይታደሳሉ።

በዚህ ረገድ ቦረና ብቸኛ አይደለም። በፋርስ ደረቅ ምድር፣ በተለይም በያዝድና በጎናባድ አካባቢ፣ ከተራራ ግርጌ ያለውን ውኃ በረጅም የመሬት ውስጥ ቦይ ያለ ሞተር ወደ እርሻና ወደ መንደር የሚያወርድ «ቀናት» የተባለ ጥንታዊ ዘዴ አለ። በዚያም «ሚራብ» የሚባል የውኃ ዳኛ ተራ ያስጠብቃል፤ የእያንዳንዱ ገበሬ ድርሻም ከሥሩ የተበሳ የመዳብ ጣሳ ውኃ ላይ ተንሳፍፎ እስኪሞላና እስኪሰምጥ ድረስ ባለው ጊዜ ይለካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ዩኔስኮ 11 የፋርስ ቀናቶችን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ በተካሄደ ስብሰባ የገዳ ሥርዓት በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፈረ።

የቦረና ውኃ የፖለቲካ ፈተናም ገጥሞታል። እ.ኤ.አ. በ1907 ዓፄ ምኒልክና የብሪታንያ መንግሥት የኢትዮጵያንና የብሪታንያ ምሥራቅ አፍሪካን ወሰን ሲዋዋሉ መስመሩ በአንድ ሕዝብ መካከል አለፈ። ተዋዋዮቹ ግን የከብት አርቢውን ኑሮ ፈጽሞ አልዘነጉትም፤ በወሰኑ ግራና ቀኝ ያሉ ጎሣዎች እንደ ቀድሞው በማዶ ባለው ግጦሽ እንዲጠቀሙ፣ ወደ ጉድጓዶችም በነፃ እንዲደርሱ ውሉ ፈቅዶ ነበር። ዛሬ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ የምናገኛቸው ቦረናዎች የዚሁ ታሪክ ልጆች ናቸው።

ከወሰኑ ይልቅ ሥርዓቱን ያናጋው በበጎ አሳብ የመጣ ልማት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በዓለም ባንክ ድጋፍ በክረምት ብቻ ይጋጥ በነበረው መሬት ላይ ኩሬዎች በማሽን ተቆፈሩ። ውኃው ሲገኝ መንጋው በዚያው ቆየ፤ ሰውም ሰፈረ፤ ያርፍ የነበረው ሣር ዕረፍት አጣ። በዚያው ዘመን አካባቢ አርቢው ቁጥቋጦን ለመግታት ሣር የሚያቃጥልበት ልማድ በመታገዱ ግጦሹን ቁጥቋጦ ወረሰው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ አርቢው መሸሻ የሚሆን የተጠበቀ ግጦሽ አጣ፤ የከብቱም እልቂት ከባድ ሆነ።

በኢራንም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ ከመሬት ይዞታው ለውጥ ጋር ቀናቶችን ያስጠርጉ የነበሩት ባለርስቶች ሲዳከሙና በሞተር የሚሠሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ሲበዙ የከርሰ ምድር ውኃው እየራቀ ሄዶ ብዙ ቀናቶች ደረቁ። ሞተሩ ውኃን ያወጣል እንጂ «ይበቃል» የሚል ዳኛ አይደለም።

ይህ ነገር ለናይሮቢ ነዋሪ እንግዳ ሊሆን አይገባም። የከተማዋ ስም በማሳይኛ ቀዝቃዛ ውኃ ከሚል ሐረግ የወጣ ነው። ዛሬ በላቪንግተንና በኪሌሌሽዋ በቧንቧው የማይተማመኑ የአፓርታማ ግቢዎች የየራሳቸውን ጥልቅ ጉድጓድ ያስቆፍራሉ፤ በከተማዋም ሥር የውኃው ወለል ከዓመት ወደ ዓመት ዝቅ እያለ ሄዷል። ለቁፋሮ ፈቃድ የሚሰጥ መንግሥታዊ ባለሥልጣን አለ፤ ነገር ግን በጎረቤታሞች መካከል አባ ሄሬጋ የለም። እያንዳንዱ ግቢ የሚቀዳው ከአንድ ገንዳ መሆኑን ካላወቀ፣ የአንዱ ሞተር የሌላውን ጉድጓድ ማድረቁ አይቀርም። ቦረናዎች በባልዲ የሚያስተምሩን ይህንን ነው፤ ጉድጓድ ሰው ይቆፍረዋል፤ ውኃውን ለልጅ ልጅ የሚያቆየው ግን ተራ ነው።