ከመምህሩ ጀርባ ማን ቆሟል?

እንደሚታወቀው፣ በስደት ከምንገኘው ተማሪዎች መካከል በመምህርነት ሙያ ተመርቀው አንድ ሁለት ዓመት ያስተማሩ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። ከእነዚህ ለአንዱ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም በሩቅ ምሥራቅ ከሚገኝ «ዓለም አቀፍ» ተብሎ ከሚጠራ ትምህርት ቤት የቅጥር ውል ሲላክለት፣ ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በደመወዙ ላይ ነው። ይህ አያስነቅፈውም፤ አገር ቤት ያሉ ወላጆቹ እጁን ይጠብቃሉ፤ ዕዳም ይኖርበታል። ይሁን እንጂ በሰው አገር ማስተማር የአንድ ግለሰብ የኑሮ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የራሱ ታሪክ ያለው ጉዳይ ነው። ይህን ታሪክ የሚመረምር ሰው፣ የእንግዳ መምህርን ዕጣ የሚወስነው የዕውቀቱ ብዛት ሳይሆን ከጀርባው የቆመው ኀይል መሆኑን ይረዳል። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረውም ይህንኑ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከራሳችን እንጀምር፤ እኛ ኢትዮጵያውያን እንግዳ መምህር ከመሆናችን በፊት የእንግዳ መምህራን አስተናጋጆች ነበርንና። ዳግማዊ ምኒልክ በ1908 አዲስ አበባ ላይ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። ስለ ምን ከፈረንሳይ ወይም ከእንግሊዝ አልመጡም? ቤተ ክህነቱ የፈረንጅ ትምህርት ሃይማኖት ያስለውጣል ብሎ ይሠጋ ነበር፤ ኮፕቶቹ ግን የእስክንድርያ መንበር ልጆች፣ የሃይማኖት ወንድሞች ነበሩ። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም ራሳቸው ግብፃዊ ነበሩ። እንግዲህ ለእነዚያ መምህራን በሩ የተከፈተላቸው ቋንቋና ሒሳብ በማወቃቸው ብቻ ሳይሆን፣ አስተናጋጁ የሚያምናት ቤተ ክርስቲያን ከጀርባቸው ስለቆመች ነው።

ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ ሌላ የእንግዶች ማዕበል መጣ። በ1962 የአሜሪካ የሰላም ጓድ የመጀመሪያ ቡድን ወደ 280 የሚጠጉ ወጣቶችን ይዞ ገባ፤ አብዛኞቹም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። ብዙዎቹ ገና ከኮሌጅ የወጡ ጀማሪዎች ነበሩ። የመምህራን እጥረቱ በእነርሱ ብቻ ስላልተቃለለ፣ ከ1964 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻችን ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደረገ። ስለዚህ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሁለት ወጣቶች፣ አሜሪካዊውና ኢትዮጵያዊው፣ ጎን ለጎን ቆመው አስተማሩ። ሥራቸው አንድ ነበር፤ ዕጣቸው ግን አንድ አልነበረም። በየካቲት 1974 በሴክተር ሪቪውና በደመወዝ ምክንያት ሥራ ያቆሙት የአገሩ መምህራን ናቸው። በ1977 እና በ1978 በቀይ ሽብር ከታሠሩትና ከተገደሉት መካከልም መምህራን ብዙ ነበሩ። የሰላም ጓድ በ1977 ከኢትዮጵያ ሲወጣ ግን አባላቱ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ገቡ። እነርሱን የላካቸው መንግሥት ሊመልሳቸውም ይችል ነበርና።

መላኪያም መመለሻም የሌለው መምህርስ? ለዚህ ከኩዌት የበለጠ ምሳሌ አናገኝም። ኩዌት በ1946 ነዳጅ ወደ ውጭ መላክ ከመጀመሯ አሥር ዓመት አስቀድሞ፣ በ1936፣ ከፍልስጥኤም መምህራን አስመጥታ ነበር። ከ1948 በኋላ አገር አልባ የሆኑ ሌሎች ብዙዎች ተከተሉ። የኩዌትን ዘመናዊ ትምህርት ካቆሙት እጆች መካከል የእነርሱ ዋነኛው ነው፤ የተማሩባቸው ልጆች ባለሥልጣንና ባለሀብት ሆነዋል። በ1990 በአገሪቱ ይኖሩ የነበሩት ፍልስጥኤማውያን ወደ 400,000 ይገመቱ ነበር። የኢራቅ ጦር ኩዌትን ሲወር የፍልስጥኤም ነጻ አውጪ ድርጅት መሪዎች ለባግዳድ አደሉ ተባለ፤ ስለዚህም በ1991 ኩዌት ነጻ ስትወጣ፣ በአገሪቱ እንዲቀሩ የተፈቀደላቸው ከቀድሞው ቁጥር ጥቂቱ ብቻ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው ከእነ ቤተ ሰቡ መውጣት ግድ ሆነበት። ያስተማራቸው ልጆች ብዛት ለመኖሪያ ፈቃዱ ማራዘሚያ አልሆነለትም።

ወደ ዛሬው «ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት» ስንመለስ፣ አመጣጡ ከዚህ ሁሉ የተለየ መሆኑን እናያለን። የጄኔቭ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት በ1924 በስምንት ተማሪዎች የተከፈተው፣ በመንግሥታት ማኅበርና በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ለሚሠሩ ሰዎች ልጆች ነው። የሕዝቦችን መቀራረብ ለማስተማር የተነሣ ሐሳብ ስለነበር የሚናቅ አይደለም። በ1968 እዚያው ጄኔቭ የተቋቋመው የዓለም አቀፍ ባካሎሬያ ድርጅትም፣ ከአገር አገር የሚዘዋወሩ ልጆች በየትም ዩኒቨርሲቲ የሚታወቅ ፈተና እንዲኖራቸው ታስቦ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ስሙ ገበያ ወጣ። ዛሬ በብዙ የእስያ ከተሞች በእነዚህ ትምህርት ቤቶች የሚማሩት በአብዛኛው የአገሬው ባለጸጎች ልጆች ናቸው። ወላጁ ከፍሎ የሚገዛው ትምህርቱን ብቻ ሳይሆን የመምህሩን ፓስፖርትም ጭምር ሆኗል።

ይህ ማጋነን አይደለም። ደቡብ ኮሪያ ለእንግሊዝኛ አስተማሪዎች የምትሰጠው ቪዛ በመሠረቱ ለሰባት አገሮች ዜጎች የተወሰነ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በሙሉ በእንግሊዝኛ የተማረ ኢትዮጵያዊ ከሰባቱ ውስጥ አይገባም። በብዙ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶችም «ከውጭ የተቀጠረ» እና «ከአገር ውስጥ የተቀጠረ» የሚባል ልዩነት አለ፤ የመጀመሪያው ቤት፣ የአውሮፕላን ቲኬትና የልጆች ትምህርት ክፍያ ሲያገኝ፣ ሁለተኛው ያንኑ ክፍል እያስተማረ እነዚህን አያገኝም። በባሕረ ሰላጤው ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድን ከቀጣሪው ጋር የሚያስተሳስረው የከፋላ ሥርዓት አለ። ቀጠር በ2020፣ ሳዑዲ ዓረቢያም በ2021 ሥራ ለመቀየር የአሠሪ ፈቃድ የሚጠይቀውን ግዴታ አንሥተዋል ወይም አላልተዋል፤ የፈቃዱና የሥራው ትስስር ግን ጨርሶ አልተበጠሰም።

ለስደተኛው ከሁሉ የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው። ስድስቱ የባሕረ ሰላጤ መንግሥታት በ1951 የወጣውን የስደተኞች ስምምነት አልፈረሙም። ጥገኝነት ያገኘ ወንድማችን የስደተኛ የጉዞ ሰነዱ ለዚያ ቪዛ የሚያበቃው መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት። «የአገሬን ፓስፖርት ከኤምባሲ ላውጣ» ቢል ደግሞ፣ በዚሁ ስምምነት አንቀጽ 1 መሠረት በፈቃዱ ወደ አገሩ መንግሥት ጥበቃ ተመልሷል ሊባልና ጥገኝነቱን ሊያጣ ይችላል። የሁለት ዓመት ውል ለመፈረም የዕድሜ ልክ መጠለያን መሸጥ ይገባልን?

ይህ ሲባል ማንም አይሂድ ማለታችን አይደለም። የሚሄድ ግን ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደተባለው፣ ከመፈረሙ በፊት መርምሮ ይሂድ። ውሉ ሲያልቅ ወይም ሲፈርስ የሚመለስበት አገር የቱ እንደሆነ ይወቅ። ከአገር ውስጥ እንደተቀጠረ ወይስ ከውጭ እንደተቀጠረ እንደሚቆጠር በጽሑፍ ይጠይቅ። ደመወዙ ስንቱ መሠረታዊ፣ ስንቱ አበል እንደሆነ ይለይ፤ ለምሳሌ በተባበሩት የዓረብ ኤምሬቶች የ2021 የሥራ ሕግ፣ ዓመት ለሞላው የውጭ ሠራተኛ ስለ እያንዳንዱ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት የ21 ቀን የአገልግሎት ካሣ የሚታሰበው በመሠረታዊው ደመወዝ ብቻ ነው። አበሉ ያበጠና መሠረታዊው የቀጨጨ ውል፣ ሲገቡ የሚያስደስት፣ ሲወጡ የሚያሳዝን ነው።

ከኮፕቶቹ ጀርባ ቤተ ክርስቲያን፣ ከአሜሪካውያኑ ጀርባ መንግሥት ቆሞ ነበር፤ ከፍልስጥኤማውያኑ ጀርባ የቆመ አልነበረም። ከእኛ ጀርባስ? ዛሬ መልሱ «ማንም» ከሆነ፣ ውል አብሮ የሚያነብ፣ ስለ ቀጣሪዎች የሚያውቀውን ለሌላው የሚያስተላልፍ፣ ችግር ላይ የወደቀውን የሚቀበል ማኅበር ማቆም የማንም ሌላ ሳይሆን የራሳችን ተግባር ነው። መንግሥትን አይተካም፤ ነገር ግን ብቻውን ለሚፈርም ወጣት መምህር የመጀመሪያው መከታ ይሆነዋል።